ለግራኟ መኪና የዊንች መቀመጫ፦ ከያቤሎ እስከ ኬንያ ሞያሌ

«አንቺ ሹፌር አይደለሽም። ጭቃ ውስጥ የምትቀመጪ ሴት ነሽ።»

ይህን ፊት ለፊት ያለኝ አጎቴ ሐጂ ኑሩ ነው፤ ያቤሎ፣ ሱቁ በር ላይ፣ ሦስት ደንበኞች ቆመው እየሰሙ። እኔ መልስ የማጣ ሰው አይደለሁም። ያን ዕለት ግን ዋጥ አደረግኩት፤ ምክንያቱም ሰውየው እውነቱን ነው። ባለፈው ዝናብ ወደ አሬሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀርቅሬ ነበር። የጫንኩት አሥራ ሁለት ኬሻ ስኳር ነው፤ ሸራው ደግሞ ቀዳዳ ነበረው። ሰው መጥቶ ጎትቶ ሲያወጣኝ ከኋላ የሚንጠባጠበውን አፍልቶ ሻይ ቅጠል መጨመር ብቻ ነበር የቀረን።

መኪናዋ የአጎቴ ናት። በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ የመጀመሪያ ቀለሟን እሱም የማያስታውሰው ላንድክሩዘር ፒክአፕ። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሚዛን ማየት አልሆነልኝም፤ መንጃ ፈቃድ አወጣሁና ቁልፉን ከእጁ ተቀበልኩ። ይኸው ሦስት ዓመቴ፤ ለገጠር ሱቆች ስኳር፣ ዘይት፣ ጀሪካን አደርሳለሁ። ከመሪው ጀርባ ካልሆንኩ እግሬ ያሳክከኛል።

«ሜጋ ያለ ነጋዴ ሊገዛት ይፈልጋል» አለኝ አጎቴ። «ልሸጣትና ላንቺ ሱቅ ልክፈትልሽ።»

«ሱቅ አልፈልግም። ዊንች አስገጥምላትና ራሷን ታወጣለች።»

ትንሽ አሰበ። አጎቴ ሲያስብ ጢሙን በሁለት ጣት ይጎትታል። «ቅዳሜ ሞያሌ ጉዳይ አለኝ» አለ። «እመጣለሁ። ጭቃውን የምመርጠው እኔ ነኝ። ማንም ሳይገፋት፣ ማንም ሳይጎትታት ራሷን ካወጣች ያንቺ ናት፤ እስኪበቃሽ ንጂያት። ካላወጣች በመልሴ ሜጋ ላይ ቁልፉን ለሰውየው እሰጠዋለሁ።»

ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

ዊንች ለማታውቁ፦ መኪና ፊት ላይ የሚታሰር፣ በባትሪ የሚሠራ፣ የሽቦ ገመድ የሚጠቀልል ሞተር ነው። የገመዱን ጫፍ ዛፍ ላይ ታስሩና ማዞሪያውን ስትጫኑ መኪናዋ ወደ ዛፉ ራሷን ትጎትታለች። ዊንቹ ነበረኝ። ከተበተነ የአስጎብኚ መኪና ላይ የተፈታ ነው፤ አራት ወር አልጋዬ ሥር ተኝቶ እናቴ በጠረገች ቁጥር የእግሯን ጣት እየመታ ሲረገም ኖሯል። የጎደለኝ ዊንቹ የሚታሰርበት፣ ሻንሲ በምንለው የመኪናዋ አጥንት ላይ የሚገጠመው መቀመጫ ነው። ለእንዲህ ያለች አሮጊት ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የለም፤ በልኳ መሠራት አለበት። የያቤሎ በያጆች «ፓራውልቱ ላይ በይደን እንስጥሽ» አሉኝ፤ ከፊት ያለውን የግጭት መከላከያ ማለታቸው ነው። ፓራውልት ላይ ቢበየድ መኪናዋ ጭቃው ውስጥ ቀርታ ፓራውልቱ ብቻውን ዛፉ ጋ ይደርሳል።

የእናቴ የንግድ ጓደኛ ማማ ሐሊማ ኬንያ ሞያሌ፣ ሄሉ ውስጥ ሱቅ አላቸው። እሳቸው ናቸው የፉንዲ ጉዮን ስልክ የሰጡኝ። እዚያ ማዶ ባለሙያን ሁሉ ፉንዲ ይሉታል። ይህ ሰው ወደ ማርሳቢት በረሃ ለሚወርዱ መኪኖች መቀመጫ ሲሠራ ጸጉሩ የሸበተ ነው። ደወልኩለት።

«መኪናዋን አምጣ፣ ልያት» አለኝ። ቦረና ነው፤ አማርኛን ከነጋዴ ነው የለመደው፤ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚለው። «ካልሆነ ከሥሯ ፎቶ ላክልኝ።»

«ላንድክሩዘር ያው ላንድክሩዘር ነው። ያለህን ልክ ተጠቅመህ ቁረጠው፤ ሐሙስ ስደርስ ማሰር ብቻ ይቅር።»

«ፖሌ ፖሌ፣ ዳዳ» አለ። ቀስ በል፣ እህቴ ማለቱ ነው።

«ጊዜ የለኝም» አልኩና ዘጋሁት። ረቡዕ ሁለት ጊዜ ደውዬ «ቆረጥከው?» አልኩ። ይህችን አጣዳፊነቴን ያዙልኝ።

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ዊንቹን በኬሻ ጠቅልዬ ጋቢና ውስጥ አጠገቤ አስቀመጥኩት። ቀበቶም አሰርኩለት። ከያቤሎ ሞያሌ ድረስ መንገዱ አስፋልት ነው፤ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ግድም። ጥሩ የሆነ ቦታ ላይ ጥሩ ነው፤ መጥፎ የሆነ ቦታ ላይ ደግሞ ጉድጓዱን ለማምለጥ ስትሞክሩ ፍየል ያጋጥማችኋል። ግራና ቀኝ ቀይ ኩይሳዎች ከሰው ቁመት በላይ ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ አንገታቸውን አዘንብለው መንገደኛ የሚቆጥሩ ይመስላሉ።

ዱብሉቅ ላይ ቁርስ በላሁ። የግመል ወተት ሻይና ትኩስ ቂጣ። ሻይ የምትቀዳው ሴትዮ ኬሻውን በመስኮት አይታ «ታማሚ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ፣ ሐኪም ጋ እየወሰድኩት ነው» አልኳት። «አላህ ይማረው» አለች። አሚን አልኩ፤ ምን ላድርግ።

ሜጋ ስደርስ ፍጥነቴን ጨመርኩ። ሊገዛት የሚፈልገው ነጋዴ ሱቅ አስፋልቱ ዳር ነው፤ ሰውየው በር ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። መኪናዋን ሲያይ ብድግ አለ። እጁንም አወዛወዘ። እኔ ፊት ለፊቴን ብቻ አየሁ።

ከሜጋ ወዲያ ሰማዩ ወደ ደቡብ እየጠቆረ ሄደ። እንደኔ ላለ ሰው የዝናብ ደመና ጥሩ ዜና አይደለም፤ በዚህ ሳምንት ግን ጭቃ ያስፈልገኛል። የገዛ ጠላቴን ና እያልኩ ነዳሁ።

አምስት ሰዓት ላይ ድንበሩ ጋ ነበርኩ። ወረቀት፣ ማህተም፣ ወረቀት። ኬሻውን ያስፈታኝ የኬንያው መኮንን ዊንቹን አይቶ «ይህ ስንት ይጎትታል?» አለኝ በእንግሊዝኛ። «አጎቴን» አልኩት። ሳቀና አሳለፈኝ።

ማዶ ሲገባ መንገድ ይገለበጣል። እኛ ቀኝ እንይዛለን፣ እነሱ ግራ። መሪዬ በግራ ስለሆነ ግራዬን ስይዝ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተጣብቄ ነው የምሄደው፤ የማልፈው የሰው ግድግዳ፣ የማልፈው የሰው ቲማቲም። ቀድሞ ለማለፍ ደግሞ ፊቴ ያለው መኪና ሁሉንም ይጋርደኛል። አንድ የቦዳ ቦዳ ልጅ በሞተሩ አጠገቤ መጥቶ በኦሮምኛ «እህቴ፣ መሪሽ የተሳሳተ ቦታ ነው» አለኝ። «ያንተ አገር ነው የተሳሳተ ቦታ» አልኩት። ደስ አለኝ። ምንም ሳልነካ ሄሉ ገባሁ፤ ጉራዬም አብሮኝ ገባ።

የካርቶኖቹ ግቢ

የፉንዲ ጉዮ የሥራ ቦታ ጣሪያው ግማሽ ነው፤ ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሰማይ። ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ የብየዳ ማሽን፣ አንድ እግሩ የጠፋ ወንበር። ግድግዳው ግን ሌላ ነገር ነው። ከላይ እስከ ታች በሽቦ የተንጠለጠሉ ካርቶኖች። የዘይት ካርቶን፣ የሳሙና ካርቶን፣ የብስኩት ካርቶን፣ ሁሉም በመቀስ ተቆርጠው፣ ቀዳዳቸው ተበስቶ፣ ላያቸው ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ስም ተጽፎባቸዋል። «ዶክተሩ»፣ «የውሃው ሰውዬ»፣ «አባ ኡራን»። ሃያ ምናምን ዓመት የሠራውን ሁሉ በካርቶን ልኩን ቆርጦ አስቀርቷል። ሜትር ከሚለካው ይልቅ ካርቶኑን ያምናል።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው፤ ሽብቱ በሂና ቀልቷል። እጄን ጨብጦ «በስልክ ትልቅ ሰው ትመስላለህ» አለኝ።

«አንተም በስልክ ወፍራም ነበርክ።»

መቀመጫው ተሠርቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቆንጆ ነበር። ወፍራም ላሜራ፣ ከሥሩ ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት እግሮች፣ ስምንት የቡሎን ቀዳዳዎች፣ ብየዳው እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ። በአንድ በኩል ያለው እግር አጠር ብሏል፤ የመሪው ጥርስ ያለበት ብረት ሳጥን ሻንሲው ላይ በዚያ በኩል ስለሚቀመጥ ቦታ ለመልቀቅ ነው።

«ሻንሲው ላይ ለምን አትበይደውም? ይጠነክራል» አልኩት።

«እኔ ሻንሲ አልበይድም። የአሮጌ መኪና ሻንሲ እሳት ከነካው በኋላ ይሰነጠቃል። በቡሎን ነው። የታሰረ ይፈታል፣ የተበየደ ይሰበራል።»

ፓራውልቱን ፈታን። መቀመጫውን ከሁለት አቅጣጫ ይዘን ሻንሲው ጫፍ ላይ አስጠጋነው። በቀኝ ገባ። በግራ አልገባም። ገፋነው። ብረት ከብረት ጋር ተጋጨ። ጉዮ በጀርባው ተኝቶ ከሥር ገባ። ወጣ፤ ካርቶኑን ከግድግዳ አውርዶ አየው።

«መሪውን ላዙር፣ ምኑ እንደሚነካ ልይ» አለና በሩን ከፍቶ ገባ።

በቀኙ በር ነበር የገባው። ተቀመጠ፣ ሁለት እጁን ዘረጋ፣ አየር ጨበጠ። መሪ የለም። ፊት ለፊቱ ያለው የዳሽቦርድ ሳጥን ብቻ ነው። ለትንሽ ጊዜ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ አንገቱን ወደ ግራ አዞረና መሪውን አየው።

«ዳዳ» አለ። «ይቺ መኪና ግራኝ ናት።»

አጠገቡ ያለው የጎማ ጠጋኝ ጎማውን ጥሎ ሳቀ። ጉዮም ሳቀ፤ በሳቅ ብዛት ከጋቢናው መውረድ አቃተው። የኬንያ መኪና መሪው በቀኝ ነው፤ የመሪው ሳጥንም በቀኝ። ያ ካርቶን የተቆረጠው ለኬንያ መኪና ነው። የእኔዋ ሁሉ ነገሯ በግልባጭ ነው። እኔ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በፊት ድንበሩ ላይ መንገድ ቀይሬ፣ መሪሽ የተሳሳተ ቦታ ነው ተብዬ፣ በጉራ የገባሁ ሴት ነኝ።

«ገልብጠው» አልኩት።

አገላብጦ አሳየኝ። እግሮቹ ወደ ሰማይ ቆሙ። «እንዲህ ከሆነ ዊንችህ መኪናዋን ወደ ላይ ነው የሚጎትተው።»

ማንም አልሳቀም፤ እኔም ጭምር። ቅዳሜ ሊመጣ አንድ ሙሉ ቀን ነው የቀረኝ። ጉዮ ግን አልወቀሰኝም። እኔ ነኝ የተናገርኩት፦ «ፎቶ ላክ ስትለኝ አልላክሁም። እኔ ነኝ ያስቆረጥኩህ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ግማሹ ያንተ ነው» አለ። «ግማሹ የኔ። ላላየሁት መኪና አልቆርጥም እላለሁ፤ አንተ ስትጮህብኝ ቆረጥኩ። አሁን ሌላ ላሜራ ያስፈልጋል። እንደዚህ ወፍራም ደግሞ ሞያሌ ውስጥ የለም፤ ይኼም የመጨረሻው ነበር።»

አርብ፣ የማማ ሐሊማ ደረጃ

ያደርኩት ማማ ሐሊማ ቤት ነው። አጭር፣ ሰፊ፣ ድምፃቸው ከሱቁ ጓሮ እስከ አስፋልቱ የሚሰማ ሴት ናቸው፤ ያቤሎ ተወልደው፣ ሄሉ ተድረው፣ በሁለቱም አገር ዋጋ የሚከራከሩ። ጠዋት ቻፓቲ በባቄላና የወተት ሻይ አቀረቡልኝ። ውጭ ብትበሉት ቻፓቲው ሠላሳ ሽልንግ ነው፤ እሳቸው ጋ ዋጋው ምክር ነው።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው። «ፊትሽ ለምን ወደቀ?»

ነገርኳቸው። ከነጋ ሦስት ብረታ ብረት ቤት ዞሬያለሁ፤ ያለው የበር ላሜራ ብቻ ነው፤ ቀጭን፣ የኔ ክብደት እንኳ ያጎብጠዋል። አርብ ስለሆነ ከሰዓት ሁሉም ይዘጋል።

«ሐጂ ኑሩ ይሸጣታል?»

«ይሸጣታል።»

«በዚያች መኪና ነው የተዳርኩት፣ ታውቂያለሽ? እኔን ለባሌ ያመጣኝ ሰው አጎትሽ ነው። ከያቤሎ እስከዚህ ከኋላ ከፍራሼ ጋር ተቀምጬ። መንገዱ ያን ጊዜ አስፋልት አልነበረም፤ ሙሽራ ሆኜ ነው የተሳፈርኩት፣ ስወርድ ኩይሳ መስዬ ነበር።»

ይህን እያሉ ከሱቁ ወጡና በሩ ላይ ቆሙ። የቆሙት ብረት ላይ ነው። የሱቁ ወለል ከመንገዱ ከፍ ስለሚል የአህያ ጋሪዎች ጀሪካን ሲያራግፉ የሚወጡበት ዘንባላ ብረት አለ፤ ማንም የማያየው፣ ሁሉም የሚረግጠው። ጎንበስ ብዬ ጠርዙን አየሁት። የጣቴን ውፍረት ያህላል።

ቀና ስል እያዩኝ ነው። «የለም» አሉ።

«ማማ…»

«የለም አልኩሽ። ጋሪው በምን ይወጣል?»

«ጉዮ የሠራው የተበላሸ አለ። ቆንጆ ነው። እግር ሁሉ አለው።»

ማማ ሐሊማ ነጋዴ ናቸው። ትንሽ አሰሉ። «መሬት ላይ እንዳይንሸራተት የሚይዝ እግር?»

«ሁለት። ስምንት ቀዳዳም አለው፤ ውሃ አይቋጥርም።»

«ቀለም ይቀባል?»

«ይቀባል።»

«አረንጓዴ» አሉ። ስምምነታችን ይኸው ነው።

ብረቱን በአህያ ጋሪ ጉዮ ጋ አደረስነው። ጉዮ በጥፍሩ አንኳኳው፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ራሱን ነቀነቀ። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ያደረገው መኪናዋ ሥር መተኛት ነው። የሳሙና ካርቶን ይዞ ገባ፤ በጣቱ እየዳሰሰ፣ እያጠፈ፣ በመቀስ እየቆረጠ። «ፖሌ ፖሌ» አልኩት። ከሥር ሳቁ ተሰማኝ።

ለጁምዓ ሶላት ተጠርቶ ሁሉም ሄደ፤ እኔ ግቢውን ሠላሳ ጊዜ ዞርኩት። ጉዮ ሲመለስ ሥራው እንደ ነፋስ ሆነ። ግራይንደሩ ጮኸ፣ ትራፓኖው አጨሰ። ቀዳዳ ለመብሳት ክብደት ስለሚፈልግ እኔ በእንጨት እጀታው ላይ ተንጠለጠልኩ፤ ሁለቱ እግሮቼ መሬት ለቀው ነበር። «አሁን ሠራተኛ ሆንክ» አለኝ። ብየዳው ሲጀመር ፊቴን አዞርኩ፤ ያም ሆኖ ሰማያዊው ብርሃን ግድግዳው ላይ ያሉትን ካርቶኖች ሁሉ እያበራ ሲያጠፋ አየሁ፤ ስሞቹ ሁሉ ብቅ ጥልቅ እያሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ግድም አለቀ። ልክ ገባ። ሲገባ «ጥቅ» ያለው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጉዮ ግን አላስረከበኝም። ትልቁን መዶሻ አምጥቶ ሰጠኝ።

«ሦስት ጊዜ» አለ። «ባለቤቱ ያልመታውን ሥራ አላወጣም። የሚሰነጠቅ ከሆነ እዚህ፣ እኔ ፊት ይሰነጠቅ። ሜዳ ላይ ተሰንጥቆ ስሜን ከምታነሳ።»

መታሁት። አንደኛው ፍርሃት የነበረበት ነው። ሁለተኛው ጥሩ ነበር። ሦስተኛውን የአጎቴን «ጭቃ ውስጥ የምትቀመጪ» እያሰብኩ መታሁት፤ የጎማ ጠጋኙ ጆሮውን ያዘ። ጉዮ ብየዳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ምላሱን ጠቅ አደረገ፣ «ሳዋ» አለ። ተስማምቷል ማለት ነው። ዊንቹን አሰርነው፤ ወፍራሞቹን የባትሪ ገመዶች ዘረጋን። ማዞሪያውን ስጫን ሞተሩ እንደጠገበ ድመት አጉረመረመ።

ሌሊቱን ዘነበ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ቅዳሜ፣ ኦቦ መንገድ

አጎቴ በአውቶብስ ደርሶ ስድስት ሰዓት ላይ ጉዮ ግቢ ቆመ። ነጭ ጀለቢያ፣ ነጭ ኮፍያ፣ አዲስ ጫማ። መቀመጫውን ዙሪያውን አየው፣ በከዘራው ነካ ነካ አደረገው።

«ቀለሙ ያስጠላል» አለ።

«አልተቀባም፣ አጎቴ።»

«ለዚያ ነው።»

እሱ አጠገቤ፣ ጉዮ ከኋላ ከአካፋው ጋር ሆነን ወደ ኦቦ በሚወስደው የአፈር መንገድ ወጣን። አጎቴ ጭቃ እንደ በግ ነው የሚመርጠው። አንዱን አየ፣ ናቀ። ሌላውን አየ፣ «ይኼ ለብስክሌት ነው» አለ። አንድ ሜዳ ላይ ስንደርስ «አቁሚ» አለ። ጥቁር አፈር፣ ውሃው የተኛበት፣ ከብት የረገጠው፣ ለጥ ያለ። የመረጠበት ምክንያት ገባኝ። ዙሪያውን ዛፍ የለም። ቁጥቋጦ የለም። የሚታሰርበት ድንጋይ እንኳ የለም።

«ግቢ» አለኝ።

ገባሁ። ሃያ ሜትር ሳልሄድ አራቱም ጎማዎች ተዋጡ። በሩን ስከፍት ጭቃው ከመረገጫው እኩል ነበር። አጎቴ ደረቁ ላይ ቆሞ ከዘራው ላይ ተደግፏል።

«በል ጎትት» አለ ለዊንቹ።

ዊንች ያለ ማሰሪያ ቦታ ጌጥ ነው። ጉዮን አየሁት። እሱ መኪናዋን አያይም፤ ስኮርታውን፣ ከኋላ የተጫነችውን ትርፍ ጎማ ነው የሚያየው።

«እንቀብራታለን» አለ።

ከመኪናዋ ፊት ራቅ ብሎ አፈሩ ጠንከር ያለበት ላይ መቆፈር ጀመረ። ሁለት ቦረናዎች ግመል እየነዱ ሲያልፉ ቆሙ፤ ጉዮ ነገሩን ነገራቸው። ሳቁ፣ አካፋውን ተቀበሉት። የኤላ ልጆች ናቸው፤ የውሃ ጉድጓድ ቆፍረው ያደጉ ሰዎች ለአንድ ጎማ ምን ይቸግራቸዋል።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ አጎቴ። «ማንም አይረዳትም ብለናል።»

«ሐጂ» አለ ጉዮ በትሕትና፣ «የከለከሉት መግፋትና መጎተት ነው። መቆፈር አልከለከሉም።»

አጎቴ ጢሙን በሁለት ጣት ጎተተ። «አልከለከልኩም» አለ።

ጎማዋን እስከ ወገብ በሚደርስ ጉድጓድ ውስጥ አቁመው በመሃሏ ብረት አሳልፈው ሰንሰለት አሰሩባት፤ አፈሩን መልሰው ረገጡት። ጉዮ የዊንቹን ገመድ ጎትቶ ሰንሰለቱ ላይ አያያዘው። እርጥብ ኬሻ አመጣና ገመዱ መሃል ላይ አኖረው፤ ቢበጠስ እንዳይገርፍ። «ከገመዱ ራቁ» ብሎ ሁሉንም ወደ ጎን አባረራቸው። እኔ ጋቢና ገብቼ ሞተሩን አስነሳሁ፣ ማዞሪያውን ያዝኩ።

ተጫንኩ። ገመዱ ተወጠረ። ዊንቹ ድምፁ ወፈረ። መቀመጫው ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው አንድ ጊዜ ተንቋቋና ዝም አለ፤ ያዘ። መኪናዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም። የተንቀሳቀሰው መሬቱ ነው። የቀበርናት ጎማ አፈሩን እየሰነጠቀች ብቅ ማለት ጀመረች። ለቀቅሁት። ጉዮ ከጀርባዋ አፈር ጨመረ፣ ረገጠ። እንደገና ተጫንኩ። መኪናዋ አንድ ክንድ ያህል ተነሳች፤ ጎማዋም አንድ ክንድ ያህል ወጣች። የቀረው ትንሽ ነበር። ያችን ትንሽ የሚይዝልን አልነበረም።

ያን ጊዜ አጎቴ ከዘራውን ጣለ። በአዲስ ጫማው ጭቃውን እየረገጠ ከገመዱ ርቆ ዞሮ መጣና ከተቀበረችው ጎማ ጀርባ፣ አፈሩ ክምር ላይ፣ ከነጀለቢያው ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። አጎቴ ትልቅ ሰው ነው፤ ሱቅ ውስጥ ቀንሶ የሸጠው ሁሉ እሱ ላይ ነው ያለው ይላሉ። ቦረናዎቹ አይተው ከግራና ቀኙ ተቀመጡ። ጉዮም ተቀመጠ።

የአጎቴ ስልክ ጮኸ። «ሄሎ። አሁን አልችልም። ተቀምጫለሁ» ብሎ ዘጋ። ከዚያ ወደኔ ቀና ብሎ «ምን ታያለሽ? ተጫኚው እንጂ» አለኝ።

ተጫንኩት። ጭቃው እየጠባ ለቀቀን፤ ፊቷ ወጣ፣ ከዚያ ደረቷ፣ ከዚያ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እያዘኑ ተከተሉ። ደረቅ መሬት ላይ ቆምኩና ሞተሩን ሳላጠፋ ወረድኩ። መቀመጫውን ዳሰስኩት። ሞቋል፤ አንድም ቡሎን አልላላም፤ የጉዮ ብየዳ ላይ የጸጉር ያህል ስንጥቅ የለም።

አጎቴ እንደተቀመጠ ነው። ለመነሳት ይሞክራል፣ ይንሸራተታል። ቆሜ አየሁት። ሦስት ደንበኞች ባይኖሩም ሦስት ምስክሮች አሉ።

«አጎቴ» አልኩት፣ «አሁን ጭቃ ውስጥ የተቀመጠው ማነው?»

አየኝ። ጉዮ ወደ ሰማይ ያያል። ከዚያ የአጎቴ ሆድ ቀድሞ መሳቅ ጀመረ፣ ፊቱ ተከተለው፤ እጁን ዘረጋልኝ። ልስበው ስሞክር እኔም ወደቅኩ። ጉዮ ጎትቶ ያወጣን ሁለታችንንም ነው። ለኛ ዊንች አላስፈለገም።

ስልኩን መልሶ ደወለ። የሜጋው ነጋዴ ነበር። «ወንድሜ፣ መኪናዋ አትሸጥም» አለው። «ሥራ ላይ ናት።» ትንሽ አዳመጠና «አዎ፣ ሹፌር አላት» አለ።

እሑድ ጠዋት

ጉዮ መቀመጫውን ጥቁር ቀባው። የተበላሸውን፣ የማማ ሐሊማን ደግሞ አረንጓዴ፤ ሱቃቸው በር ላይ በተከለው ጊዜ ላዩ ላይ ሦስት ጊዜ ዘለሉበትና «ከበፊቱ ይሻላል» አሉ። ለመንገዳችን ቻፓቲ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡን።

ልሰናበተው ስገባ ጉዮ ግድግዳው ጋ ቆሟል። የሳሙናውን ካርቶን ሽቦ አስገብቶበት ከ«ዶክተሩ» ጎን አንጠለጠለው። ላዩ ላይ «ሰሚራ» ብሎ ስሜን ጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ በትልቁ «ግራ»።

«በሚቀጥለው ፎቶ ላክ» አለኝ።

«እልካለሁ፣ ፉንዲ።»

አጎቴ የታጠበውን ጀለቢያውን ለብሶ አጠገቤ ገባ። ኬሻው የነበረበት ቦታ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ቀበቶውን አሰረ። ግራዬን ይዤ፣ ከግድግዳውና ከቲማቲሙ ጎን ጎን፣ ድንበሩ ጋ ደረስን። ማህተም ተመታልን። እንጨቱ ተነሳ።

«ቀኝሽን ያዢ» አለ አጎቴ።

ፍሬቻ አበራሁ፣ ቀኜን ያዝኩ፣ ነዳሁ።